የካዚኖው የክብር እንግዳ ነበርኩ

ወገኖቼ፣ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ። ምስክርነት አለኝ ብዬ መጋቢያችንን ስለምነው ከርሜ ዛሬ ተሳክቶልኝ ፊታችሁ ቆሜአለሁ፤ ጌታ ይመስገን። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላስታውቃችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ሲቆም እያለቀሰ ያመሰግናል። እኔ ተቆጥቼ ነው የማመሰግነው። ጌታ አድኖኛል፣ ስሙ ይባረክ፣ ንዴቴ ግን ገና አልበረደልኝም። መጋቢ "ወንድም ግርማ፣ ረጋ ብለህ ተናገር" ብሎኛል። እሞክራለሁ። አዳራሹንም ያከራዩን አሜሪካኖች ለማታ ፕሮግራማቸው ስለሚፈልጉት ሰዓት የለንም።

የምናገረው ስለ ካዚኖ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ማስታወቂያ አልሠራላቸውም። እስከ ዛሬ የሠራሁላቸው ይበቃቸዋል።

አንዳንዶቻችሁ የድሮውን ግርማ ታውቁታላችሁ። የምኖረው ቡርንስቪል ነው፣ ሥራዬ ፕሊማውዝ፣ የማሽን ዕቃ የሚገጣጥም ፋብሪካ ውስጥ። ባለቤቴ አስቴር ዴይኬር ትሠራለች፣ የሰው ልጆች ትጠብቃለች። እንደ ማንኛውም አበሻ ቢል እየከፈልን ልጃችንን ቤቲን እናሳድግ ነበር። ሰካራም አልነበርኩም፣ ሴት አባራሪም አልነበርኩም። ለጥምቀትና ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ብቅ እላለሁ፣ ይኼ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረውን እትዬ ወርቅነሽን፣ ዛሬ እህት ወርቅነሽ የምላትን፣ "ጴንጤዋ መጣች" እያልኩ ነበር የማሾፍባት። ደረጃው ላይ ስታገኘኝ "ጌታ ይወድሃል" ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ "ለሱም ሰላም በይልኝ" እላታለሁ። ይቅር ብላኛለች።

ፋብሪካው ውስጥ ዴቭ የሚባል ፈረንጅ ነበር። በምሳ ሰዓት ካርታ ይዞ ይመጣል። ብላክጃክ የሚሉትን፣ ሃያ አንድ ለመድረስ የሚጫወቱትን ጨዋታ፣ እሱ ቁማር አይለውም። "ቁማርተኛ የማይቆጥር ሰው ነው" ይለኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ማንም እንዳይማረው ቶሎ ልለፈው። ትንንሹ ካርታ ሲወጣ አንድ ትደምራለህ፣ ዐሥርና ሥዕል ያለበት ሲወጣ አንድ ትቀንሳለህ። ድምሩ ከፍ ካለ ትልልቁ ካርታ ገና አልወጣም ማለት ነው፤ ያኔ በርከት አድርገህ ታስይዛለህ። ድምሩ ከወረደ ትነሳለህ። ዴቭ ከሁሉ አጥብቆ የሚነግረኝ ይኼን መጨረሻውን ነበር። "መቁጠሩን ማንም ይማረዋል፣ ትርፉ ያለው መነሳቱ ላይ ነው። ካርታው ሲከፋ ኮትህን አንሳና ሂድ። ማንንም አትሰናበት" ይለኛል።

ማንንም አትሰናበት። ይኼን የሚናገረው ለአበሻ ነው።

መቁጠሩ ገባኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ከሰዓት መሄድ ጀመርኩ። አላጋንንም፣ ሀብታም አልሆንኩም፤ ግን በዚያ በመጀመሪያው ሰመር ይዤ ከገባሁት ይዤ የምወጣው ይበልጥ ነበር። አስቴር "ይኼ ነገር ደስ አይለኝም" ስትለኝ "ሒሳብ ነው፣ ቁማር አይደለም" እላታለሁ። አፌን ሞልቼ ነበር የምናገረው።

ችግሩ የመጣው ሲያከብሩኝ ነው። ካዚኖ ውስጥ ኮምፕ የሚሉት ነገር አለ። የምታስይዘውንና ተቀምጠህ የምትቆየውን ሰዓት እያሰሉ ምግብ፣ ክፍል፣ ስጦታ በነፃ ይሰጡሃል። ዴቭ ይኼንንም አስተምሮኝ ነበር። "ቀስ ብለህ ተጫወት፣ ካርታው ሲበወዝ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ከመውጣትህ በፊት የቡፌ ትኬት ጠይቅ። የሚሰጡህን ሁሉ ውሰድ፣ አንተ ምንም አትስጣቸው።" ለሱ ቀላል ነው። እሱ የበላበትን ሳህን ዞር ብሎ አያየውም።

ጁዲ የምትባል ሴትዮ መደቡልኝ። ሆስት ይሏታል፤ ሥራዋ ደህና የሚያስይዙትን ደንበኞች መንከባከብ ነው። ፀጉሯ ነጭ፣ አነጋገሯ የእናት። ፋብሪካ ውስጥ "ጄሪ" ነው የሚሉኝ፣ ግርማ ከበዳቸው። ይቺ ሴትዮ በመጀመሪያው ቀን "ግርማ" ብላ አንድ ፊደል ሳታበላሽ ጠራችኝ። ቤቲ ስንተኛ ክፍል እንደገባች ታስታውሳለች። አስቴርን ትከሻዋን ሲያማት "ተሻላት ወይ?" ትለኛለች። ወገኖቼ፣ አሜሪካ ስንኖር ይኼን የጠየቀን ማን ነው? እናንተም አልጠየቃችሁኝም፤ እውነቱን ልናገር ብዬ ነው የቆምኩት።

ቡፌ በነፃ ሆነ። ክፍል በነፃ ሆነ። ስማቸው የተጻፈበት ጃኬት ሰጡኝ፣ ለምስጋና ቀን ተርኪ ሰጡኝ። ተርኪውን ማን ይበላዋል? አስቴር እንደ ዶሮ ልትሠራው ሞክራ ሽንኩርቴን በላብኝ ብላ ስትናደድ ሰነበተች። እኔ ግን ተቀበልኩ። ወዳጆቼን እየሰበሰብኩ ቡፌ ወሰድኳቸው። ሳህናቸውን ሞልተው "ግርማ እኮ አሜሪካን አውቆበታል" አሉኝ። ደረቴ ተነፋ።

እንግዲህ ፈረንጁ ዴቭ የማያውቀው፣ እናንተ ግን በደንብ የምታውቁት ነገር የገባው እዚህ ላይ ነው። ይሉኝታ። ሰው ቤት ተጋብዘህ፣ በልተህ፣ እጅህን ታጥበህ፣ ወዲያው ብድግ ብለህ ትወጣለህ? ሴትዮዋ በስሜ ጠርታኝ፣ ጥብስ አስቆርጣልኝ፣ ማደሪያ ሰጥታኝ፣ እኔ ገንዘባቸውን ኪሴ ከትቼ ኮቴን ላንሳ? አቃተኝ። ድምሩ ወርዷል፣ ካርታው ከፍቷል፣ ጭንቅላቴ "ተነስ" ይለኛል። ጁዲ ደግሞ ወዲያ ማዶ ቆማ ፈገግ ትልልኛለች። እኔም ቁጭ እላለሁ። "ትንሽ ልጫወትላቸው" እላለሁ። ይኼን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ልጫወትላቸው። ቆጥሬ ያገኘሁትን በጨዋነቴ መልሼ አስረክባለሁ፣ ከደሞዜም እጨምርበታለሁ። ሲያልቅ "በሉ ደህና ዋሉ" ብዬ፣ ካርታ የሚያድለውን ልጅ እንኳ ተሰናብቼ ነው የምወጣው።

ስስትም ነበረብኝ፣ አልክድም። ግን ስስት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘርፌያቸው እሄድ ነበር።

ሁለተኛው ክረምት መጣ። በስደት የመጣን አብዛኞቻችን ወረቀታችን ላይ ልደታችን ጃንዋሪ አንድ ነው፤ አይደለም እንዴ? ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ፎርም የሞላልን ሰው ቀን ማጣራት ሰልችቶት የጻፈው ነው። እኔ የተወለድኩት በሐምሌ ዝናብ ነው። ካዚኖው ግን ከመንጃ ፈቃዴ ላይ ጃንዋሪ አንድን አነበበና የልደት ጥሪ ላከልኝ። "ለክብር እንግዳችን" ይላል። እራት፣ ክፍል፣ ኬክ።

በዚያው ሰሞን አስቴር አንገቷ ላይ ዕጢ ወጥቶባት ነበር። ሐኪሙ "ክፉ ይሁን ደግ አውጥተን ካላየነው አናውቅም" አለ። ቀጠሮው በጃንዋሪ አንድ ማግስት ጠዋት ሆነ። አስቴር እንግሊዝኛዋ ለሕፃናቱ ይበቃል፣ ለሐኪም አይበቃም። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ እንፈልግልሽ ሲላት "ባለቤቴ አለልኝ" አለች። በኩራት ነው ያለችው። "እስኪያስተኙኝ ድረስ አጠገቤ ትቆማለህ፣ ድምፅህን እየሰማሁ ነው የምገባው" አለችኝ። "እንዴታ" አልኳት።

የልደት ጥሪውን ስነግራት ግራ ገባት። "ያንተ ልደት በጃንዋሪ ነው እንዴ?" አለችኝ።

"አይደለም፣ ግን ኬክ አዘዋል፤ መቅረት ያሳፍራል" አልኳት።

"እነማንን ነው የምታፍረው?" አለች። እራቱን በልቼ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

በረዶ ጣለ። "መንገዱ አያስኬድም፣ ክፍልህ ተዘጋጅቷል" አሉኝ። ቤት ደወልኩና "ከዚሁ በቀጥታ ሆስፒታል እመጣለሁ፤ እትዬ ወርቅነሽ ታድርስሽ" አልኳት። ጠዋት መንገዱ ተጠርጓል። ኮቴን ለብሼ ቁልፌን ይዤ ወረድኩ። ደጋግሜ የማየው ይኼን ነው፤ ኮቴን ለብሼ ነበር። ጁዲ ከታች ቆማ ትጠብቀኛለች። ኬኩ ማታ ሳይደርስ ቀርቶ ጠዋት መጥቷል። ጠረጴዛ አዘጋጅታለች፣ ሻማ ለኩሳለች፣ አስተናጋጆቹን ሰብስባ ዘፈኑን አዘፈነችልኝ። "ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ" ማለት አቃተኝ። ልደቴ እንዳልሆነ መናገርም አቃተኝ። ቁጭ ብዬ በላሁ። ስጨርስ "ለልደትህ ነፃ መጫወቻ አለህ፣ ዛሬ ካልተጠቀምክበት ይቃጠላል" አለችኝ። ኬካቸውን በልቼ እምቢ ልበላት? አንድ ዙር ልጫወትላቸው ብዬ ተቀመጥኩ።

ወገቤ ላይ ያለው ቢፐር፣ የደወለውን ሰው ቁጥር የሚያሳየው፣ ተንቀጠቀጠ። የሆስፒታሉ ቁጥር ነው። ድምሩ ከዜሮ በታች ወርዷል፣ እያወቅኩ ነው። ቢፐሩ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ጁዲ ከጎኔ ቆማለች። "ይቺን ጨርሼ" አልኩ። ጌታ ይቅር ብሎኛል፣ ስሙ ይክበር። ግን ያን ወንበር ሳስበው እስከ ዛሬ ወስጄ ብሰባብረው ደስ ይለኛል።

ሆስፒታል ስደርስ አስቴር ገብታለች። እትዬ ወርቅነሽ አረጋውያን የምትጦርበትን የነርሲንግ ሆም ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች፣ ቤቲ ጭኗ ላይ ተኝታለች። አስቴርን አድርሳ ወደ ሥራዋ ልትሄድ ነበር። እኔ ስጠፋ ሺፍቷን ትታ ቀረች፤ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ ቁጭ ብላ ያስተረጎመችላት እሷ ናት። አልተቆጣችኝም። "በሩ ድረስ 'መጣ?' እያለች ትጠይቀኝ ነበር" ብቻ አለችኝ።

በኋላ ሐኪሙ ወጣ። "ባሏ አንተ ነህ? ጠብቀንህ ነበር" አለኝ። ከዚያ ሁለት ነገር ነገረኝ። ዕጢው ክፉ አይመስልም፤ በኋላም ምርመራው ይኼንኑ አረጋገጠ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። "ግን ወደ ድምፅዋ የሚሄደው ነርቭ ላይ ተጣብቆ ነበር። አልቆረጥነውም፣ ተጎድቷል ግን። ድምፅዋ ሊመለስ ይችላል። ላይመለስም ይችላል።"

አልተመለሰም። አስቴር አፏን ስትከፍት ከትንፋሽ በቀር የሚወጣ ነገር የለም። ከሦስተኛ ፎቅ ሆና ፓርኪንግ ሎት ያለውን ሰው የምትጠራ ሴት፣ ቤቲን ለመጥራት ጠረጴዛ ትመታለች። ዴይኬሩ "ልጆች ሲሮጡ መጣራት የማትችል ሰው መቅጠር አንችልም" አላት። እኔን ደግሞ በትንፋሿም አታናግረኝም። አንድ ቀን ቤቲን "እማዬ ምን አለች?" ስላት በእንግሊዝኛ፣ እንደ ልማዷ፣ "ማሚ መናገር አትችልም፤ ብትችልም ደግሞ አንተን አታናግርህም" አለችኝ። ልጄ ናት እንዲህ ያለችኝ።

ጥቂት ሳምንት ቆይቼ በጠራራ ቀን ካዚኖው ሄድኩ። ልጫወት አይደለም፣ እንዲያባርሩኝ ነው። ካርታ ቆጣሪ ሲያገኙ በዘበኛ ከበር እንደሚያወጡት፣ ሁለተኛ ጠረጴዛው ጋ እንዳይደርስ እንደሚከለክሉት ዴቭ ነግሮኛል። በራሴ እግር መውጣት እንዳቃተኝ ገብቶኛል፤ እንግዲያው እነሱ ያውጡኝ አልኩ።

ጁዲ እጇን ዘርግታ መጣች። "ያን ቀን ኬክሽን ስበላ ባለቤቴ ድምፅዋን አጣች" አልኳት። አፏን በእጇ ያዘች። ከልቧ ነው ያዘነችው፣ ማስመሰል አልነበረም፤ ይኼም ራሱ ያናድደኛል። ቀጥላ ምን አለች? "ሲሻላት ይዘሃት ና፣ የሁለት ሰው ክፍል አዘጋጅላችኋለሁ። አበባ ዛሬውኑ እልክላታለሁ።"

ደሜ ፈላ። "ጁዲ፣ እኔ ካርታ ቆጣሪ ነኝ" አልኳት። "ከመጀመሪያው ስቆጥርባችሁ ነው የኖርኩት። ዘበኛ ጥሪና አስወጪኝ።"

አልደነገጠችም። ዙሪያዋን አየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ግርማ፣ ፎቅ ላይ ካሜራ የሚያዩት ሰዎች እኮ ከመጀመሪያው ሰመር ጀምሮ ያውቃሉ" አለችኝ።

"ታዲያ ለምን አላስወጣችሁኝም?"

"የምናስወጣው ቆጥሮ የሚሄደውን ነው። አንተ አትሄድም። ጥሩ ሰው ነህ" አለችኝ፣ ትከሻዬን ዳበስ እያደረገች።

ጥሩ ሰው ነህ። ወገኖቼ፣ እናቴ ያስተማረችኝን ሰው ማክበር ፎቅ ላይ ተቀምጠው በካሜራ አዩት። ዋጋ አወጡለት። ከጥብሱ ዋጋ ጋር አወዳደሩትና አዋጣቸው። ሌባ ብሆን ይፈሩኝ ነበር፣ ጨዋ ስለሆንኩ ተበላሁ። እኛ ጋ ግብዣ ክቡር ነገር ነው። ደሃ ተበድሮ ይጋብዛል። እነሱ ያንን ክቡር ነገር ወስደው ወጥመድ አድርገውታል፣ ላዩ ላይም ሻማ ለኩሰውበታል። አልቀበለውም። ክርስቲያን ስለሆንኩ ዝም እላለሁ ብላችሁ አትጠብቁ።

ቤት ስገባ እትዬ ወርቅነሽ ለአስቴር አጥሚት ይዛ መጥታለች። አስቴር ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ አንድም ቀን አልቀረችም። ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች፣ ፀጉሯን ትሠራላታለች፣ ልብስ አጥባ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ ዋጋውን ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት። መቼ ነው "እንግዲህ ቸርች ና" የምትለኝ እያልኩ። አላለችም። ያን ቀን ግን አልቻልኩም፣ ጮህኩባት። "ምንድን ነው ከኔ የምትፈልጊው? በነፃ የሚሰጥ ሰው አይቻለሁ። ሂሳቡን አሁኑኑ ንገሪኝ!"

ማንኪያውን አስቀመጠች። ቁጣ የምታውቅ አትመስላችሁም፤ ታውቃለች። "አንተ፣ እዚያ ቤት ያስለመዱህን እኔ ላይ አታምጣ" አለችኝ። "አስቴር ጎረቤቴ ናት። አጥሚቱን ብትደፋው ነገም ሠርቼ አመጣለሁ።"

"ነፃ የሚባል ነገር የለም" አልኳት።

"ልክ ነህ፣ የለም" አለች። "ጌታ በነፃ አዳነኝ ስልህ በርካሽ ነው ማለቴ አይደለም። ደሙን ከፍሎበታል። ግን የከፈለው እሱ ነው፣ ከኔ መልሶ አይለቅምም።"

"እንዴት አወቅሽ? የሚታወቀው እኮ ልትነሺ ስትይ ነው" አልኳት።

"ተነስቼ አውቃለሁ" አለችኝ፣ ድምፅዋ ወረደ። "ካርቱም እያለሁ ትቼው ሄጃለሁ። ዓመታት። ሲከፋኝ ተመለስኩ። ያጎደልሽውን ክፈዪ ያለኝ የለም። ከዚያ ወዲህ የተቀመጥኩት ወድጄ ነው።"

አስቴር አልጋው ላይ ሆና ትሰማለች። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ የቆሸሸውን ልብስ አንስቼ ከታች ማጠቢያው ክፍል ወረድኩ። እዚያ፣ ማሽኑ እየተንጓጓ፣ ጸለይኩ። ጸሎት ከተባለ። "ጌታ ሆይ፣ አንተም እንደነሱ ከሆንክ አሁን ንገረኝ፣ ሁለተኛ መታለል አልችልም" ነው ያልኩት። ክስ ነበር። እሱ ግን ከነክሴ ተቀበለኝ፣ ክብር ለስሙ ይሁን። ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅ አልሰማሁም። ሂሳብ መጠበቄ ብቻ ቆመ። እንባዬ መጣ፣ ልብሱ ታጥቦ እስኪያልቅ አለቀስኩ። ቀጣዩ እሑድ እዚህ መጣሁ። ማንም አልጎተተኝም።

ጌታን ተቀበልኩ፣ ቤቴ ግን ወዲያው አልተፈወሰም፤ እንዲህ ነበር ብላችሁ እንዳታወሩልኝ። አስቴር ፊት ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ሰማችኝ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። አልፈረድኩባትም። እናንተ ጾማችሁ ጸለያችሁ፣ ጌታ ይባርካችሁ። በረዶው ቀልጦ ስንሄድ ሐኪሙ ጉሮሮዋን በካሜራ አይቶ "አልተንቀሳቀሰም። በቆየ ቁጥር ተስፋው ይቀንሳል" አለ። በመኪና ስንመለስ ሁለታችንም ወደ ፊት እያየን ነበር።

ሰመር ገባ። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ተቀምጠናል፣ ስልክ ጮኸ፣ አነሳሁት። ጁዲ ናት። "ግርማ፣ ናፈቅከን። ክፍል ይዤልሃለሁ፣ ቤተሰቡን ሁሉ ይዘህ ና" ትለኛለች። እኔስ? የዳንኩት፣ የተጠመቅኩት ሰውዬ ምን እላለሁ? "በጣም አመሰግናለሁ፣ ደግ ነሽ፣ እስቲ አያለሁ" እላለሁ። ጌታ ሆይ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ እምቢ ማለት አቃተኝ። ስልኩን እንደያዝኩ እየሰገድኩ ነበር ማለት ይቻላል።

አስቴር ተነሳች። ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። አፏን ከፈተችና እንደ ዛገ በር ያለ ድምፅ ወጣ።

"ኖ" አለች። "ኖ። ዶንት ኮል ሂር።"

ስልኩን ሰቀለችው። የቤቲ ሹካ ከእጇ ወደቀ። አስቴርም ራሷ ደነገጠች፣ ጉሮሮዋን ያዘች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። "'መጣ?' እያልኩ ነው ያስተኙኝ" አለችኝ። "ስነቃ ለመጠየቅ እንኳ ድምፅ አልነበረኝም።" ድምፅዋ ይቆራረጣል፣ ትውጣለች፣ ትቀጥላለች። ኬኩን፣ ቢፐሩን፣ ዴይኬሩን፣ ተርኪውን ሳይቀር፣ ስንት ወር ያጠራቀመችውን አወረደችብኝ። ልጃችን ፊት ሰደበችኝ። እኔ ቆሜ "ተመስገን፣ ተመስገን" እላለሁ። እንዲህ ስሰደብ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ሃሌ ሉያ።

ሐኪሙ እንደገና አየና "ይንቀሳቀሳል። አልፎ አልፎ እንዲህ ይሆናል፣ በዚህ ጊዜ ግን አልጠበቅኩም" አለ። እሱ አልፎ አልፎ ይበለው። እኔ ማን እንዳደረገው አውቃለሁ፣ ስሙ ለዘላለም ይባረክ።

መጋቢ ሰዓቱን እያሳየኝ ነው፤ ልጨርስ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ ኮታችሁ ኪስ ውስጥ የዚያ ቤት የደንበኛ ካርድ የያዛችሁ አላችሁ። "እኛ ቡፌውን እንበላለን እንጂ አንጫወትም" የምትሉ። አንዳንዶቻችሁን እኔው ነኝ ያስለመድኳችሁ። ተነሱ፣ እጃችሁን አንሱ አልላችሁም፤ ማሳፈርማ እነሱም ያውቁበታል። የምለው ይኼን ነው። እዚያ የጋበዛችሁ ሰው እናንተን እያየ ያሰላል። ጌታ ግን አስቀድሞ ከፍሎ ነው የጠራችሁ፤ ልትሄዱ ብትነሱ በሩ ክፍት ነው፣ ልትመለሱ ብትፈልጉም ክፍት ነው። እሱን እመኑት። እምቢ ማለት ያቃተው ሰው ካለ ከፕሮግራሙ በኋላ እኔ ጋ ይምጣ፤ እኔንም አቅቶኝ ነበር፣ አብረን እንጸልያለን።

በመጨረሻ፣ "ባለቤትህስ ይቅር አለችህ ወይ?" የምትሉኝ አላችሁ። እኔን አትጠይቁኝ። ያቻት፣ ከኋላ፣ ቤቲ አጠገብ ተቀምጣለች። እሷን ጠይቋት፤ ትነግራችኋለች።